ደጀኑ ለምን ይዘገይ ነበር

ልናዘዝ፤ አንድ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ያደረገልኝን ነገር ገልብጬ ነው የተረዳሁት። ጥፋቱን በሌላ ላላክክ ብሞክርም አልሆነልኝም። ወሬ ተዛብቶ ደርሶኝ አይደለም፤ ነገር ሠሪም በመካከላችን አልገባም። በዓይኔ በብረቱ እያየሁ፣ የሚሳሳልኝ ሰው የሚሰልለኝ፣ የሚያከብረኝ ሰው የሚንቀኝ መስሎኝ ኖርኩ። ባል የሞተባት ሴት ብዙ ጊዜ ከሚታዘንላት ብዛት የተነሣ የሚወዳትን ሰው ከሚያዝንላት መለየት ያቅታታል። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ ነገሩ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ባሌ ዴስ ሃላራን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከደቡቡ የስንዴ አገራችን ተነሥቶ ወደ ቀዩ ምድር፣ ወደ መሃሉ በረሃ፣ የሚዘልቅ የሞተር ጉዞ ያዘጋጅ ነበር። አሥር ሞተር፣ አሥር ሰው፣ ሁለት ሳምንት። እሱ ካረፈ ወዲህ ታላቅ ወንድሙ ክላይቭ ከፊት ይመራናል። ከሁሉ ኋላ የሚመጣው ደጀን ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ ሰው ነው፤ በሃላራኖች ጋራዥ ሃያ ዓመት የሠራው መካኒካችን ሎክላን ፓይክ። ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል፤ የወደቀ ያነሣል፤ የተነፈሰ ጎማ ይጠግናል፤ የሌሎቻችንን አቧራ ሲበላ ይውላል።

ጉዟችን የሚመራበት ሥርዓት አንድ ነው። መንገድ በሚለይበት ቦታ ሁሉ ከመሪው ቀጥሎ የሚነዳው ሰው ይቆማል። የሚከተሉትን በእጁ እያመለከተ ያሳልፋል፤ ደጀኑ እስኪደርስም ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይልም። ደጀኑ ሲመጣ የፊት መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል፤ የቆመውም ተነሥቶ ከፊቱ ይነዳል። በሚቀጥለው መገንጠያ ደግሞ ተራው የሌላው ነው። ስልክ በማይሠራበት፣ ሁለት ቀን ተነድቶ አንድ ሰው በማይገኝበት አገር ሳንጠፋፋ የምንሄደው በዚህ ብቻ ነው። ዴስ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ ቅጣት ያለውም ይኸው ነው፦ ደጀን ሳይደርስ መገንጠያ ትቶ የሄደ ሰው በተገኘው የፖስታ መኪና ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ሎክላን ለሌሎቹ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ያልፋል። እኔ በቆምኩበት መገንጠያ ግን ሞተሩን ያጠፋል። ከሞተሩ ወርዶ ሄልሜቱን ያወልቃል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ አድማሱን ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሞተሬን የጎማ ማዞሪያ ሰንሰለት፣ ካቴናዬን፣ በጣቱ ነካ ያደርግና፣ "ትንሽ ላልቷል። ውሃ ጠጥተሻል?" ይለኛል። ይኸው ነው። አራት ዓመት፣ በየመገንጠያው፣ ይኸው ነው።

እኔም ይህን እንዲህ ፈታሁት፦ ይህ ሰው እንደ ልጅ ይጠብቀኛል፤ የአሠሪው መበለት ወድቃ ስሙ እንዳይጠፋ ይፈራል። በየዓመቱ ቂሜ እየጠጠረ ሄደ።

*

ባለፈው ነሐሴ፣ በጉዟችን ስምንተኛ ቀን ላይ፣ ቁርስ እየበላን፣ ክላይቭ ሻዩን በቆርቆሮ ኩባያ እንደያዘ ተራ ደለደለ።

"ሊን፣ ዛሬ ከእኔ ቀጥለሽ ትነጃለሽ። የአሮጌው ጋን መገንጠያ ያንቺ ነው።"

"እሺ።"

"አይዞሽ፤ ብትወድቂ ሎክላን ያነሣሻል። ዴስ እኮ ሞግዚት ቀጥሮልሽ ነው የሞተው።"

ሰዉ ሳቀ። ጸጉሩ እንደ እሳት ቀይ ስለሆነ፣ እንደ አገራችን ወግ በተቃራኒው "ብሉ"፣ ሰማያዊ፣ ብለን የምንጠራው ወፍራሙ ጓደኛችን፣ "ለእኔስ ጡጦ የሚይዝልኝ የለም?" ብሎ ሳቁን አባሰው። ሎክላንን አየሁት። አልሳቀም፤ አላስተባበለምም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ። ለእኔ ያ ሞግዚትነቱን ማመን ነበር።

አሮጌው ጋን የደረቀ የከብት ማጠጫ ነው። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጥታው ወደ ጨው ሐይቁ ይወስዳል፣ ቀኙ ወደ ማደሪያችን ወደ ዊልጋ ዌል። ቆምኩ። ሰባቱም አንድ በአንድ አለፉ፤ እያንዳንዱ እጁን አነሣልኝ። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። መሬቱ እስከ ዓይን ማረፊያ ቀይ ጠጠር ነው፤ አንዲት ዛፍ የለችም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው የራሱን ደም ዝውውር ይሰማል።

ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ አድማሱ ላይ ቀጭን አቧራ ተነሣ። ሎክላን ነው። መጥቶ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ካቴናዬን ሲነካ፣ ውሃ መጠጣቴን ሲጠይቅ ታየኝ። የጠዋቱ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እኔ አቧራውን ካየሁ እሱም አቧራዬን ያያል፤ ከዚህ በላይ መቆም ምን ያደርጋል? ብዬ ሞተሬን አስነሣሁና ሄድኩ።

ነፋሱ ግን ከእሱ ወደ እኔ ሳይሆን በጎን ይነፍስ ነበር፤ አቧራዬን ጠራርጎ ወሰደው። ጠጠሩም የጎማ ምልክት አይዝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዊልጋ ዌል ገባሁ። ሎክላን ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። አሥር ሰዓት አልመጣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቤንዚን የጨረሰ ሞተሩን በእጁ እየገፋ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በእግሩ ብቅ አለ። እስከ ጨው ሐይቁ ዳር ደርሶ ነበር የተመለሰው፤ የመጨረሻውን ስድስት ኪሎ ሜትር ገፍቶታል።

"የት ነበርክ?" አለ ክላይቭ።

ሎክላን አየኝ። አንዴ ብቻ። የሚከስ ዓይን አልነበረም፤ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ሙሉ መሆኔን የሚያረጋግጥ ዓይን ነበር።

"መገንጠያውን ስቼ አለፍኩ።"

"ሊን ቆማ የለም እንዴ?"

"ቆማ ነበር። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ አላየኋትም።"

ክላይቭ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "ቆማ የምታመለክት ሴት ያላየ ደጀን፣ ነገ የወደቀውን ሰው ጨፍልቆ ያልፋል። ከፊታችን ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አሸዋ ነው ያለው። ሰደርያውን አውልቅ።"

አወለቀ። በነጋታው የፖስታ መኪና ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ራሱ ተናገረ። እኔ ከጎናቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኩም። ያን ምሽት ራሴን እንደ ባዕድ ሴት ታዘብኳት።

*

በማግሥቱ የዕረፍታችን ቀን ነበር። በጉዞ ላይ ላለ ሰው ከዕረፍት ቀን የባሰ ብቸኝነት የለም። ሲነዳ ከፊቱም ከኋላውም ሰው አለ፤ ቦታው በረድፉ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ፊቱም በሄልሜት ተሸፍኗል። ዕረፍት ሲሆን ረድፉ ይፈርሳል፤ ሁሉም የየራሱን ካልሲ ያጥባል።

ዊልጋ ዌል አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የቤንዚን ማደያ፣ አንድ የንፋስ ወፍጮና አሥራ አንድ ነዋሪ ያላት ቦታ ናት። ሰዎቻችን በረንዳው ጥላ ሥር ሞተሮቻቸውን ዘርግተው ዝንብ እያባረሩ ይጠጋግናሉ። እኔ ከልብስ ማድረቂያው ገመድ አጠገብ ተቀምጬ የታጠበ ሸሚዜ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ከጓሮ በኩል የሎክላን ጀርባ ይታየኛል። የፖስታ መኪናው ጭነት ላይ ሞተሩን አቁሞ በገመድ ይጠፍራል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ ቀድሜ ዓይኔን ሰበርኩ።

"ሊን! ይችን የአየር ፊልትሮ እይልኝ" አለኝ ብሉ፣ ቢጫው ሰደርያ ቦርጩ ላይ ተወጥሮ። "ከዚህች ውስጥ የወጣው አሸዋ ቤት ያሠራል።"

"ሰደርያው ጠቦሃል።"

"መጥበቡ ነው የታየሽ? በዚህ ጸጉር ላይ ቢጫ! ሰናፍጭ የፈሰሰበት ቲማቲም መስያለሁ እኮ።" ሳቁ ግን ቶሎ ተነነ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርሽ? ለዚህ ሥራ አልሆንም። የጎማ ካላማዳሪ ስቀይር ሁልጊዜ እሱ ነው ከጎኔ ሆኖ 'ቀስ፣ ቀስ' የሚለኝ። ያ አሸዋ ላይ አንዳችን ብንሰበር እኔ ምን አደርጋለሁ? አለቅሳለሁ እንጂ።"

"ለክላይቭ ለምን አትነግረውም?"

"ነገርኩት። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። አሥራ አምስት ዓመት አንዲት መገንጠያ ያልሳተ ሰው አንቺን የምታህል ሴት ሳያይ ካለፈ ዓይኑ እየደከመ ነው አለኝ። ስንመለስ ከጋራዡም ሊያሰናብተው ነው። ዓይኑ የማያይ መካኒክ ፍሬን ሊያስርልን ነው ወይ ይላል።" ራሱን ነቀነቀ። "ምስኪን ሎክላን። ከዚያች ጋራዥ ጓሮ ሌላ ቤት የለውም።"

ብድግ አልኩ። ብሉ ቅር ያሰኘኝ መስሎት፣ "ምን አልኩ ደግሞ?" እያለ ከኋላዬ ቀረ። አንድ ሰው በእኔ ዝምታ ስሙን፣ እንጀራውንና መኝታውን ሊያጣ ነው፤ ይህን እያወቅሁ ሸሚዝ አሰጣለሁ። ከራሴ የምሸሸግበት ፍለጋ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ገባሁ።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዶት ሰባ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት፤ በባንኮኒው አንድ ጫፍ ቢራ ትቀዳለች፤ በሌላው ጫፍ ፖስታ ቤት ናት። በዚያኛው ጫፍ ቆማ መነጽሯን አድርጋ ደብዳቤ ትለያለች።

"ሊኔት ሃላራን የምትባለው አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ጉድ በል! ከዚህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር ሴት፣ እዚሁ ፊቴ ተገትራ።" አንዲት ነጭ ፖስታ አነሣች። "ያ ጓሮ ገመድ የሚጎትተው ሰውዬ ነው የሰጠኝ። ቴምብሩንም ከእኔው ገዝቶ።"

ጽሕፈቱን አወቅሁት። በጋራዣችን ሣጥኖች ሁሉ ላይ ያለ ጽሕፈት ነው።

"ስጪኝ ዶት።"

"አልሰጥም። ከረጢት ውስጥ ከገባ የመንግሥት ነው።"

"የኔ ስም እኮ ነው ያለበት!"

"አውቃለሁ ሆዴ፤ ማንበብ እችላለሁ። ግን ሥርዓት አለው።" ማኅተሟን ቀለም ነከረች፤ ቴምብሩን ሁለት ጊዜ ዷ ዷ አደረገችው፤ ደብዳቤውን ከረጢቱ ውስጥ ጨምራ አፉን አሰረች። ከዚያ ያሰረችውን ፈትታ ደብዳቤውን አወጣች። ሽርጧን አውልቃ ሰቀለች፤ ባንኮኒውን ዞራ በእኔ በኩል መጣችና ፊቴ ቆመች። "ፖስታ" አለች ኮስተር ብላ። "እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ፈረምኩ። ስትመለስ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "አርባ ዓመት ደብዳቤ ዳስሻለሁ። ይሄኛው ቀጭን ነው፤ ቀጭኖቹ ናቸው ክፉዎቹ" አለች።

የንፋስ ወፍጮው ሥር ተቀምጬ ከፈትኩት።

"ሊኔት፣

ይህ ሲደርስሽ ከጋራዡ ጓሮ ለቅቄ እሆናለሁ። የትናንቱን ነገር ለማንም እንዳትነግሪ። እኔ ብሄድ የጎደለ ሰው የለም፤ አንቺ ግን ከዴስ የቀረሽ ቤተሰብ ሃላራኖች ናቸው።

አንድ ነገር እንድታውቂ ብቻ እፈልጋለሁ። ደጀን ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሰው አቧራ ነው። አንቺ ከመገንጠያ ተነሥተሽ ከፊቴ ስትነጂ አቧራሽ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ መሆኑን አውቃለሁ፤ መንገዱን ስለማትጎጂው ነው። አቧራሽን እስከ ማታ እከተላለሁ፤ ፊትሽን ግን የማየው መገንጠያ ላይ ብቻ ነው። ሞተሬን የማጠፋው ለዚያ ነበር። ካቴናሽ አንድም ቀን ላልቶ አያውቅም። የምናገረው ሳጣ ነው የምነካው።

ዴስም ሞግዚት አላደረገኝም። ስለ አንቺ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሱ የተሻልሽ ነጂ እንደሆንሽ። እኔም አይቻለሁ።

ሎክላን"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላዬ ወፍጮው እየተሽከረከረ ከምድር ሆድ ውሃ ይስባል፤ የብረቱ ሲጥሲጥታ ደረቴ ውስጥ የሚያልፍ መሰለኝ። አራቱ ዓመታት አንድ በአንድ እየተነሡ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ አንዱንም አላወቅሁትም።

*

ሎክላን የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ ቺያቬዎቹን፣ የብሎን መፍቻዎቹን፣ በየመጠናቸው ይደረድር ነበር። ደብዳቤውን በእጄ ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ይህ እዚህ መድረስ አልነበረበትም" አለ።

"ዶት አደለችው።"

"ሥርዓት የማታውቅ ሴት።"

"ፈርሜ ነው የተቀበልኩት። ... ሎክላን፣ ዓይንህ ደክሟል?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"የአሮጌውን ጋን መገንጠያ አታውቀውም?"

"ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ቀጥታ ሄድክ? እዚያ አልነበርኩም። ማንም አልነበረም። ቀኙን ይዘህ መምጣት ትችል ነበር እኮ!"

አንዲት ቺያቬ አንሥቶ በጨርቅ ጠረጋት፤ ንጹሕ የሆነችውን ደግሞ ጠረጋት።

"ተራው ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ሊኔት መገንጠያ ትታ አትሄድም ብዬም አውቃለሁ። የለሽም። አቧራሽን በቀኝ ፈለግሁ፤ የለም። ያኔ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፤ መንገድ ተሳስታ ወደ ሐይቁ ነድታለች፣ የጨዉ ቅርፊት ከድቷት ጭቃው ውስጥ ሰጥማለች አልኩ።" ቺያቬዋን ሣጥኑ ውስጥ አኖረ። "መንገድ አልሳትኩም። አንቺን ነው ስፈልግ የዋልኩት። በየጉብታው ላይ እየቆምኩ ስምሽን ጠራሁ።"

የሚያስለቅሰኝ ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት ደረቀ፤ ከእንባ ያለፈ ነገር አለ። በዚያ ባዶ ምድር ላይ፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ መልስ ለማይሰጥ አድማስ ስሜን ሲጠራ አየሁት። እኔ ያን ጊዜ በረንዳ ላይ ሻይ እጠጣ ነበር።

"ሆን ብዬ ነው የሄድኩት" አልኩት። "አንተ እንዳትደርስብኝ።"

"ገባኝ። ከሩቅ በረንዳው ላይ ሳይሽ ገባኝ።"

"ከዚያም ዋሸህልኝ።"

"ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወት ነበርሽ።"

"አራት ዓመት ሙሉ! አንዲት ቃል እንኳ ብትናገር ምን ነበረበት?"

"ምን ብዬ? ሃያ ዓመት የባልሽን ሞተር የጠገንኩ፣ ገና ሲነጋ ክላይቭ በር ላይ ቆሜ የዕለት ሥራዬን የምቀበል ሰው ነኝ። ዴስ ሲቀበር ሬሳ ሣጥኑን ተሸክሜያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤተሰቡ ምሳ ሲገባ እኔ ጋራዥ ተመለስኩ። ማንም ክፉ አላደረገብኝም። ቦታዬ እዚያ ነው። ከዚያ ቦታ ተነሥቶ የሚናገር ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም። እኔ ምን እንደምል ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። አመድማ ዓይኖቹ በዙሪያቸው በፀሐይ ተጨማድደዋል፤ ያን ሁሉ ዓመት በቅጡ አላየኋቸውም ነበር።

"ምን ትያለሽ?"

"እወድሃለሁ እላለሁ" አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ። "ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ስጠላህ ነው የጀመረኝ። አሁን ልትሄድ ነው ሲሉኝ ግን ይህ አገር ካለው ባዶነት በላይ ባዶ ሆነብኝ።"

እጁን ዘርግቶ መዳፌን ያዘ። እጁ የቅባት ሽታ ነበረው። ወዲያው ደግሞ ምን እንዳሰብኩ ከፊቴ አነበበና አጥብቆ ያዘኝ።

"አትንገሪያቸው። ለምኜሻለሁ። ክላይቭ ይቅር አይልሽም።"

"ይቅር አይለኝም" አልኩና እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅሁ።

*

ምሳ በረጅሙ የእንጨት ገበታ ላይ ቀርቧል። የበግ ጎድን፣ የተቀቀለ ድንችና ቀዝቃዛ ቢራ። ሎክላን ከሁሉም ርቆ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም እስኪቀመጡ ጠበቅሁ፤ እኔ አልተቀመጥኩም።

"ሊን፣ ጎድኑ ቀዘቀዘ እኮ" አለ ብሉ።

"አንድ ነገር እናገራለሁ። ትናንት ሎክላን መገንጠያውን አልሳተም። እኔ ነኝ ትቼው የሄድኩት። አቧራውን ከሩቅ አይቼ፣ ከእሱ ጋር መቆም ስላልፈለግሁ፣ ሳይደርስ ተነሣሁ። እሱ ጠፍታለች ብሎ ሲፈልገኝ ዋለ። ማታ ጥፋቴን በራሱ ላይ ሲያደርግ ቆሜ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።"

ሹካዎች ቆሙ። ክላይቭ አፉን በናፕኪን ጠረገ፤ እጆቹ የዴስን እጆች ይመስላሉ፤ ያን ማየት ነበር ከሁሉ የከበደኝ።

"ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ቅጣቱ ያው ነበር። እኔ ግን ኩራት ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ለምን ነገርሽን?"

"እውነት ስለሆነ። ደግሞም ስለምወደው።"

አንድ ሰው ሳል አለ። ክላይቭ ፊቱ ገረጣ።

"የዴስ ሚስት ነሽ።"

"ነበርኩ። በሙሉ ልቤ ነበርኩ።"

"ከሰው ሁሉ... ከጋራዥ ሠራተኛችን? በወንድሜ ጉዞ ላይ ቆመሽ? የሃላራን ስም..."

"የሃላራንን ስም ያዋረድኩት ትናንት ነው ክላይቭ። እኔ አፌን ዘግቼ ያ ሰው ዴስ የሰጠውን ሰደርያ ሲያወልቅ። ዴስ እዚህ ቢኖር በየትኛው ነበር የሚያዝነው?"

ክላይቭ ወደ ብሉ ሳይዞር እጁን ዘረጋ። ብሉ ከመቼው እንዳወለቀው አላወቅሁም፤ ሰደርያው ክላይቭ እጅ ገባ። ተነሥቶ እስከ ገበታው ጫፍ ሄደ።

"ፓይክ፣ በድዬሃለሁ" አለ። "ያንተ ነው።"

ሎክላን ሰደርያውን አልተቀበለም። "እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ።"

"አትሄድም" አልኩ እኔ። "ስምንት ሰዎች ነገ አሸዋው ውስጥ ይገባሉ። ብሉ ቢጫ ልብስ ለብሶ ከማልቀስ በቀር የሚያውቀው የለም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ብሉ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ሊያስቀን አልነበረም።

ሎክላን አየኝ፤ እኔም አየሁት። ያን ያህል ሰው መካከል ለሁለት ብቻችንን ቀረን። እንዲህ ሙሉ ሆኜ እንዲህ ብቸኛ የሆንኩበት ቀን አላስታውስም። ሰደርያውን ተቀብሎ ለበሰው።

የእሱ ሞተር ከፖስታ መኪናው ላይ ወረደ፤ የእኔ ተጫነ። ገመዱን ራሱ አሰረልኝ። ሌሎቹ ከበረንዳው ሆነው እጃቸውን አነሡ፤ ክላይቭ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሎክላን ተይዞ በነበረው መቀመጫ ተሳፍሬ ወደ ደቡብ ተጓዝኩ። በሁለተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። እሑድ የክላይቭ ሚስት ደውላ ለቤተሰቡ የእሑድ ምሳ እንዳልመጣ በትሕትና ነገረችኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ ጉዞው ሲያበቃ፣ አመሻሽ ላይ፣ ሎክላን መጣ። በሩን ከፍቼ አስገባሁት።